ለከንፈርና ለላንቃ መሰንጠቅ ሕክምና «ጊዜው አልፏል» አይባልም
(በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ በአንዲት የሠፈራችን ነርስ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ከንፈራቸው ወይም ላንቃቸው ተሰንጥቆ ተወልደው ሳይታከሙ ስላደጉ ሰዎች ነው። ስለ ሕፃናቱ አልፎ አልፎ ይነገራል፤ ስለ አዋቂዎቹ ግን ማን ያነሣል? በየጓዳው የቀሩ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው የሚሄዱ፣ ከሹፈት ብዛት ትምህርታቸውን የተዉ አሉ።

ከሁሉ በፊት ነገሩ እርግማን አይደለም፤ የእናትየዋም ጥፋት አይደለም። የፅንሱ ከንፈርና ላንቃ ከግራና ከቀኝ መጥተው የሚገጥሙት በእርግዝናው የመጀመሪያ 3 ወራት ውስጥ ነው። ሳይገጥሙ ከቀሩ ልጁ እንደተሰነጠቀ ይወለዳል። በዓለም ላይ በግምት ከ700 ሕፃናት አንዱ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል።

የሚመረጠው የሕክምና ጊዜ የታወቀ ነው። ከንፈር ከ3 እስከ 6 ወር፣ ላንቃ ደግሞ ልጁ አፉን በደንብ ሳይፈታ፣ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ቢሰፋ ይሻላል። ታዲያ ይህ ጊዜ ያለፈበት ሰው ምን ይሁን? ተስፋ ይቁረጥ? በፍጹም!

ከንፈር በ20ም ሆነ በ50 ዓመት ይሰፋል። እንዲያውም አዋቂ ሰው ብዙ ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣ ሳያስፈልገው፣ ቦታውን ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ ሊሠራለት ይችላል። ጠባሳ ይቀራል፤ ስንጥቁ ግን ይዘጋል።

በላንቃ በኩል እውነቱን እንነጋገር። በአዋቂ ላይ ሥራው ይከብዳል፤ ከተሰፋም በኋላ ትንሽ ቀዳዳ ቀርቶ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ምግብና ውሃ በአፍንጫ መውጣቱ ይቀንሳል። ንግግር ግን በአንድ ቀን አይቃናም። ሰውየው ለዓመታት በአፍንጫው መናገር ለምዷል፤ ያንን ልማድ ለማስተው የንግግር ሕክምናና ብዙ ልምምድ ያስፈልጋል። እንደዚያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ ላይጠራ ይችላል። ይህን ቀድሞ ያልተነገረው ታካሚ በኋላ «ተታለልኩ» ብሎ ያዝናል። ስለዚህ ሐኪሙን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ገንዘብ የለንም ብላችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ ስማይል ትሬን የተባለው ድርጅት በሚያደርገው ድጋፍ ቀዶ ሕክምናው በነፃ የሚሰጥባቸው ሆስፒታሎች በአገራችን አሉ። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ይህን ሕክምና ይሰጣል። በመጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱና መላኪያ ወረቀት ጠይቁ።

እኛ ጎረቤቶችስ? የትራንስፖርት ገንዘብ ማዋጣት፣ አስታማሚ ሆኖ አብሮ መሄድ አያቅተንም። ልጆቻችን በእንዲህ ያለ ሰው ላይ ሲያሾፉ ስንሰማም ዝም አንበል። በቤቱ እንዲህ ያለ ሰው ያለው ቤተሰብ ደግሞ አይደብቀው፤ እኔን በግል ቢያነጋግረኝ ወደ ጤና ጣቢያው አብሬ እሄዳለሁ።