ጀርባው የተዘጋ ሄድፎን

(የማሲንቆ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ቀስ ብሎ ይጠፋል)

ሞጣ ላይ በአንዲት ጠባብ ክፍል ዘፈን እየቀዳችሁ ነው እንበል። ዘፋኙ ቀድሞ የተቀዳውን ማሲንቆ በሄድፎን እየሰማ ያዜማል። የሄድፎኑ ጀርባ ክፍት ከሆነ ማሲንቆው ሾልኮ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል፤ ኋላ ነጥሎ ማውጣቱ ጭንቅ ነው። ስቱዲዮዎች ዝጉን የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ታዲያ የቱን? የሶኒው ኤምዲአር 7506 የኤሌክትሪክ ተቃውሞው (ኢምፔዳንሱ) 63 ኦም ስለሆነ ስልክም ይችለዋል። የቤየርዳይናሚኩ ዲቲ 770 ፕሮ ግን ባለ 32፣ ባለ 80 እና ባለ 250 ኦም አለው። ባለ 250ውን ከስልክ ጋር ብታያይዙት ድምፁ ይደክማል፤ ማጉያ ይፈልጋል። ቢቸና ላይ ቤቱ ውስጥ ለሚቀዳ ወጣት እኔ ባለ 80ውን እመርጥለታለሁ።

ሄድፎኑን ዋጋው ውድ ስለሆነ ብቻ አትመኑት። በደንብ የምታውቁትን የበገና ቅጂ ክፈቱ። ከአሥሩ ጅማቶች ሥር ያሉት እንዚራዎች የሚያወጡት ንዝረት ጥርት ብሎ ካልተሰማችሁ፣ ባሱ ውጦት ሊሆን ይችላል። ደግሞ ሹሩባ የተሠራችሁ፣ መነፅር ያደረጋችሁ፦ የሄድፎኑ ትራስ ጆሮ ላይ ካልገጠመ ባሱ በክፍተቱ ያመልጣል። እንደዚያው ሆናችሁ ሞክሩት።

(ማሲንቆው ይመለሳል)