ኃይሉ መርጊያና መሣሪያዎቹ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ስለ ሙዚቃ በሚነገርበት ጊዜ ድምፃዊው ይመሰገናል፤ የግጥሙና የዜማው ደራሲም ይወሳል፤ መሣሪያው ግን ከጠረጴዛና ከወንበር ጋር ተቆጥሮ ይታለፋል። በምሕንድስና ሙያ ላይ የተሰማራ ሰው ነገሩን ከመሣሪያው በኩል ተነሥቶ ቢመለከተው አያስነቅፈውም። መሣሪያው የማን ንብረት ነው? በምን ኃይል ይሠራል? ሲበላሽስ ማን ያድሰዋል? እነዚህ ጥያቄዎች የአንድን ሙዚቀኛ ሕይወት ምን ያህል እንደሚወስኑት ለማየት የኃይሉ መርጊያ ታሪክ በቂ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሸክላዎቹም መሣሪያዎቹም የሚታወቁት በዚያ ነውና።)

ኃይሉ መርጊያ በ1946 በደብረ ብርሃን ተወለደ። በዐሥር ዓመቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፣ በዐሥራ አራት ዓመቱ አኮርዲዮን መጫወትን ያለ መምህር ተማረ። አኮርዲዮን ከኤሌክትሪክ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ወናፉ አየር ይሰጣል፣ ቀጫጭኖቹ የብረት ምላሶች ይርገበገባሉ፣ ያለ ማጉያም አንድ የሠርግ ድንኳን ይሞላል። ትከሻ ላይ ታንግቶ የሚሄድ ስለሆነ፣ ባለቤቱ የማንንም ፈቃድና የማንንም መብራት ሳይጠይቅ የሚሠራበት መሣሪያ ነው። ይህ ነገር ወደ ኋላ ስለሚያስፈልግ ልብ ይባል።

በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ሙዚቃ በመሥሪያ ቤት ሥር ያለ ሙዚቃ ነበር። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ኦርኬስትራዎች መሣሪያውን ይገዛሉ፣ ዩኒፎርሙን ያለብሳሉ፣ ደመወዙን ይከፍላሉ። ሸክላ የማሳተም መብትም ለአገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ነበር፤ አምኃ እሸቴ በ1969 የራሱን ማሳተሚያ ከፍቶ ያንን አጥር በድፍረት ዘለለው። የምሽት ክበቦች እየበዙ ሲሄዱ ለሙዚቀኛው ሌላ በር ተከፈተለት፤ ይሁንና መሣሪያው የክበቡ ባለቤት ንብረት ሆኖ ቀጠለ። አንድ ኦርጋን ከነማጉያው የሚያወጣው ዋጋ ከሙዚቀኛ ደመወዝ ጋር የማይገናኝ ስለ ነበር፣ ከክበቡ የተጣላ ተጫዋች ባዶ እጁን ይወጣል። ጣቱን ይዞ ይሄዳል እንጂ ድምፁን ይዞ አይሄድም።

የዋልያስ ባንድ ልዩነት ከዚህ ይጀምራል። በቬነስ ክበብ ይጫወቱ ከነበሩት መካከል የተነሡት እነዚህ ሙዚቀኞች የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው በውል የሚሠሩ ሆኑ። የመሣሪያ ባለቤት የሆነ ባንድ የሚጫወተውን ዜማና የሚጫወትበትን ቤት መምረጥ ይችላል። ዛሬ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ያኔ ግን ሙዚቀኛ ከተቀጣሪነት ወደ ሥራ ተቋራጭነት የተሸጋገረበት ጊዜ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ውሉም ወደ ሂልተን ሆቴል አደረሳቸው። በ1969 የተከፈተው ይህ ሆቴል ዛሬ የቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሚባለው ክልል፣ ከካዛንቺስ አፋፍ ላይ ይገኛል። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው የኢንቺስ ድርጅት ቤቶች ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» የተባለው በከተማው አፍ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ከላይ በፍልውሃ የሚሞቅ የመዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል፣ ከታች ጠጅ ቤቱ፣ ቡና ቤቱና የአዝማሪው ማሲንቆ፤ ሁለቱን የሚለያያቸው የአጭር ጊዜ የእግር መንገድ ብቻ ነበር። ኃይሉ በኦርጋኑ ላይ የአገር ቤቱን ዜማ ሲያንቆረቁር የነበረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቆሞ ነው።

ከ1974 ለውጥ በኋላ የሰዓት እላፊ ገደብ መጣ። በከተማው የምሽት ሕይወት ላይ የወረደው ጭንቀት የታወቀ ስለሆነ እዚህ ማተት አያስፈልግም። ለሙዚቃው ያስከተለው ነገር ግን አስገራሚ ነው፦ እላፊው የደረሰበት ሰው እስኪነጋ ከነበረበት መውጣት ስለማይችል፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ከማታ እስከ ንጋት የሚዘፍን ድምፃዊ አይገኝም፤ ስለዚህ ዜማው ወደ መሣሪያው ይዛወራል። ግጥም በቅድመ ምርመራ በሚያልፍበት ዘመን ግጥም የሌለው ዜማ ከመርማሪ እርሳስ ነጻ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በ1977 በካይፋ ሪከርድስ የታተመው «ቼ በለው» የተሰኘው የዋልያስ ሸክላ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ነው። የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» ከዚያ ሸክላ ወጥቶ ዓለምን ዞረ። ኃይሉ በ1978 ደግሞ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሠራ፤ ይህኛው የወጣው በካሴት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ መብራት ጥቂት መባል አለበት። የአገራችን መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ሲሆን፣ የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። ቮልቴጁን ትራንስፎርመር ያስተካክለዋል፤ ፍሪኩዌንሲውን ግን አይነካውም። እንደ ሐሞንድ ያለው ኦርጋን ድምፁን የሚያመነጨው በሲንክሮነስ ሞተር በሚሽከረከሩ ጥርሳም የብረት ጎማዎች ነው። ለ60 ኸርዝ የተሠራው በ50 ኸርዝ ሲነዳ እያንዳንዱ ድምፅ ከስድስት እጅ ወደ አምስት እጅ ይወርዳል፤ ይህም ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ነው። ኦርጋኑ አንድ ቅኝት፣ ሳክስፎኑ ሌላ ቅኝት ይዘው ይቀራሉ ማለት ነው። የሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ በአንጻሩ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። መዶሻው ቀጭን የብረት ዘንግ ይመታል፤ ዘንጉ በማግኔትና በጥቅል ሽቦ ፊት ይርገበገባል፤ በሽቦው ውስጥ የሚነሣው ደካማ ቮልቴጅ ወደ ማጉያው ይሄዳል። ለመድረክ የተሠራው ዓይነት ራሱ ከመብራት ጋር አይያያዝም፤ ማጉያው ብቻ ነው የሚያያዘው። ጉድለቱ ክብደቱ ነው፦ ባለ 73 ቁልፉ 60 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከጤፍ ኩንታል ግማሽ ጥቂት ቢበልጥ ነው።

በ1981 ዋልያስ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ጉዞው ሲያበቃ ከባንዱ አባላት ከፊሉ ወደ አገር ተመለሰ፤ ኃይሉን ጨምሮ ከፊሉ እዚያው ቀረ። ባንዱም በዚያው ተበተነ።

በ1985 በዋሺንግተን የሠራው ካሴት «ሸሞንሟናዬ» ይባላል። በላዩ የተጻፈው ግን «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው» የሚል ነበር፤ ክላሲካል የተባለውም የልጅነቱ አኮርዲዮን ነው። በዚህ ካሴት ላይ ባንድ የለም። አንድ ሰው አኮርዲዮኑን፣ የሮድስ ፒያኖውን፣ የሙግ ሲንተሳይዘሩን፣ የያማሃ ዲኤክስ 7ቱንና የከበሮ መምቻ መሣሪያውን እያከታተለ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ቀረጸው። የዚህን ሥራ ምንነት ለመረዳት መሣሪያዎቹን ከፍቶ ማየት ይጠቅማል።

የሙግ ሥርዓት በቮልቴጅ ላይ የቆመ ነው። ቮልቴጁ ከፍ ሲል የአመንጪው ንዝረት ይፈጥናል፤ ሌላ ቮልቴጅ ደግሞ ማጣሪያውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከ1970 እስከ 1981 የተሠራው ስመ ጥሩው ሚኒሙግ ሦስት አመንጪዎች ቢኖሩትም በአንድ ጊዜ የሚያወጣው አንድ ኖታ ብቻ ነው። ለፒያኖ ተጫዋች ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ማሲንቆና ዋሽንት እየሰማ ላደገ ጆሮ ግን ጉድለት አይደለም። ማሲንቆም አንድ ክር፣ አንድ ዜማ ነው፤ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ይሄዳል። ሙግም መንሸራተትን ያውቃል። ሙቀት ሲለዋወጥ ከቅኝቱ ፈቀቅ ማለቱ እንኳ እንደ ክራር ጅማት ነው።

ዲኤክስ 7 ከዚህ ፍጹም የተለየ ፍጥረት ነው። በ1967 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቻውኒንግ የተባለ ሰው የአንድን ሞገድ ፍሪኩዌንሲ በሌላ ሞገድ በፍጥነት ቢያርገበግበው የደወልን፣ የነሐስንና የእንጨትን ቃና የሚመስል ድምፅ እንደሚገኝ ደረሰበት። ያማሃ ፈቃዱን ገዝቶ በ1983 ለገበያ ያወጣው መሣሪያ ይህንን ሁሉ በቁጥር ያሰላዋል፦ ስድስት ሞገድ አመንጪ፣ 32 የአደራደር ዘዴ፣ በአንድ ጊዜ 16 ኖታ። ቅኝቱ አይንቀሳቀስም። ጥቅሙም ጉዳቱም እዚሁ ላይ ነው፤ ስምንተኛውን ድምፅ በዐሥራ ሁለት እኩል ክፍል የሚከፍለው የፈረንጅ ስሌት በዚህ መሣሪያ ላይ ተቆልፏል። የትዝታንና የባቲን ቅኝት ይሸከማል። አንቺ ሆዬ ግን በእኩል ክፍልፋይ ሲለካ አዝማሪው በጣቱ የሚያገኛት ያቺ ቅመም ትቀራለች። ኃይሉ ይህን ግትርነት በአኮርዲዮን እስትንፋስና በሙግ መንሸራተት አለዝቦታል። ካሴቱን የሚያደምጥ ሰው ቁጥሩን አይሰማም፤ ወናፉን ይሰማል።

ያም ሆኖ ኪሳራው መካድ የለበትም። የከበሮ መምቻው አይደክምም፣ አይሳሳትም፤ ነገር ግን ከጎኑ ያለው ሰው ሲሞቅለት አብሮ አይሞቅም። ይኸው ዓይነት መሣሪያ በኋላ አዲስ አበባ ሲገባ ብዙ ሆቴሎች ስድስትና ሰባት ሰው ይቀጥሩበት በነበረው መድረክ ላይ አንድ ኪቦርድ ተጫዋችና አንድ ድምፃዊ ማቆምን መረጡ። ራስን ለመቻል የተገኘው መሣሪያ ለሌላው የሥራ ማጣት ምክንያት ሆነ፤ ስለ ኪቦርድ ዘመን በሚነሣው ክርክር ሁለቱም ወገን እውነት አለው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኃይሉ ከመድረክ ተለየ። በዋሺንግተን አካባቢ ታክሲ እያሽከረከረ ኑሮውን መራ። በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ በሚጠብቅበት ጊዜ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው የዕቃ መጫኛ አውጥቶ፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። ነገሩ ከአኮርዲዮኑ ጋር የተያያዘ ነው። የመድረክ መብራት የለም፣ ማጉያ የለም፣ ቀጣሪም የለም፤ መሣሪያው ግን ዛሬም የራሱ ነው።

በ2013 ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንን የ1985 ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘው። ሰውየው «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የተባለ አነስተኛ ማሳተሚያ ስለ ነበረው ባለቤቱን አፈላልጎ በዚያው ዓመት እንደ ገና አሳተመው። ከዚያ በኋላ «ቼ በለው» በ2014፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016 ታተሙ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጣ። በሙዚቃ ሰዎች ዘንድ ይህ እንደ ተአምር ይነገራል። በምሕንድስና ዓይን ሲታይ ግን የሚያስደንቀው ሌላ ነው፦ በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር የሚጓዝ ጠባብ የፕላስቲክ ክር፣ በሙቀትና በአቧራ መካከል፣ ሃያ ስምንት ዓመት ያህል ዜማውን ጠብቆ መቆየቱ ነው። ክሩ ለዚህ ዕድሜ ታስቦ የተሠራ አልነበረም።

በአዲስ አበባም ከዚያ ወዲህ አዲስ ትውልድ ተነሥቷል። ሚካኤል ሰይፉ በ2014 «ያራዳ ልጅ»ን፣ በ2016 «ዘላለም»ን ሲያወጣ፣ እንደገና ሙሉም «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም ሲሠራ፣ የአዝማሪው ድምፅና የክራሩ ምት በኮምፒዩተር ውስጥ ተቆርጠውና ተቀጥለው እንደ ገና ተሠርተዋል። ሁለቱንም መጀመሪያ ያሳተማቸው በዋሺንግተን የሚገኝ ትንሽ ማሳተሚያ ነው፤ የኃይሉ መንገድ በተቃራኒው አቅጣጫ እንደ ተሄደበት ሊቆጠር ይችላል። ለእነዚህ ልጆች መሣሪያ መግዛት እንደ ቀድሞው የሰው ዕድሜ የሚፈጅ ጉዳይ አይደለም።

አሮጌዎቹ መሣሪያዎች ግን አስቸኳይ ጉዳይ አለባቸው። ከ2024 ጀምሮ የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነዋሪው ዕቃውን በጥድፊያ ጭኖ ተበትኗል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የማይሠራ ኪቦርድና የተቆለለ ካሴት መጀመሪያ የሚጣል ዕቃ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ለእድሳት ወደ አባላት እጅ ሲመጣ ጥቂት ጥንቃቄ ይበቃዋል። ለዓመታት ያልተከፈተውን በሙሉ ቮልቴጅ በአንድ ጊዜ መክፈት አይገባም፤ የደረቁት የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች አስቀድመው ይታዩ። መሣሪያው ለየትኛው ቮልቴጅ እንደ ተሠራ ከጀርባው ሳይነበብ በሶኬት አይሰካ። ዲኤክስ 7 ከሆነ ደግሞ ከሁሉ የሚቀድመው ባትሪው ነው። በውስጡ የተበየደች አንዲት የሊቲየም ባትሪ አለች፤ ተጫዋቹ ራሱ የቀመራቸው 32 ድምፆች በማስታወሻው የሚቆዩት በእርሷ ኃይል ነው። ባትሪዋ ከመነቀሏ በፊት ድምፆቹ ወደ ካርትሪጅ፣ ወይም በሚዲ ገመድ ወደ ኮምፒዩተር ይገልበጡ።