ኪኒኑና ዓይንሽ

እኅቶቼ፣ የማነሣው ቶፒራሜት ስለሚባል መድኃኒት ነው፤ ቶፓማክስ ተብሎም ይሸጣል። ለማይግሬንና ለሚጥል በሽታ ይታዘዛል፣ አንዳንዴም ክብደት ለመቀነስ። ማዳም «ለራስ ምታትሽ» ብላ ሰጥታሽ ስሙን ሳታዪ የምትውጪው ሊሆን ይችላል።

ጥቂት ሰዎች ላይ፣ ብዙ ጊዜ በጀመሩ በመጀመሪያው ወር፣ ሁለቱም ዓይኖች ድንገት ይደበዝዛሉ። ሩቁ አይታይም፤ ዓይን ይቀላል፣ ያማል፣ ያቅለሸልሻል። ሐኪሙ ሲለካ የዓይን ግፊቱ ከፍ ብሏል። «ግላኮማ ነው» ይላል። እሺ፣ ግን የትኛው ግላኮማ?

አልትራሳውንድ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። አዎ፣ ያው ነፍሰ ጡር የምትታይበት ዓይነት፤ ለዓይን ግን ትንሽ መሣሪያ አለው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ቆብሽ ላይ ጄል ይቀቡና ያዩታል። ጨረር የለውም። በዓይን ግድግዳ ውስጥ ውኃ ተጠራቅሞ ሌንሱን ወደ ፊት ከገፋው ይታያል። በሁለቱም ዓይን ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ይጠረጠራል። ያኔ ለተለመደው ግላኮማ የሚሠራው ሌዘር አይጠቅምም፤ ፒሎካርፒን የሚባለው ጠብታ ጭራሽ ያባብሰዋል። ዋናው ሕክምና ኪኒኑን ማቆም ነው። ቶሎ ከተደረሰበት ዓይን አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ ከዘገየ ግን ግፊቱ ነርቩን ይጎዳል፣ የተጎዳ ነርቭ ደግሞ አይመለስም።

ማሽኑ ውኃውን እንጂ የኪኒኑን ስም አያሳይም። ስለዚህ ካርቶኑን ዛሬውኑ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ዐረብኛው ካስቸገረሽ ፎቶውን አሳይተሽ «አና ባኹድ ሃዳ ደዋ» በይ፣ ይበቃል። ለሚጥል በሽታ የምትወስጂው ከሆነ በራስሽ አታቁሚ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።