የነጻው መልእክት ሂሳብ

 

ሁላችንም የመልእክት ግሩፕ አለን። ሠርጉንም፣ ለቅሶውንም፣ የዛሬውን ጥሪም የሰማነው በዚያው ነው። አንድ ሳንቲም ግን አልከፈልንም። ታዲያ ሂሳቡን የሚከፍለው ማነው?

የምሠራው ሰርቨር ላይ ስለሆነ ወጪ እንዳለው አውቃለሁ። ሲግናል እ.ኤ.አ. በ2023 ሂሳቡን ለሕዝብ ዘርዝሮ ነበር፤ ለመሠረተ ልማት ብቻ በዓመት ወደ 14 ሚሊዮን ዶላር ይወጣ ነበር። ከዚህ ውስጥ 6 ሚሊዮን ገደማው ይሄድ የነበረው ለምን ይመስላችኋል? አዲስ ሰው ሲመዘገብ ለምትላከው የማረጋገጫ ቁጥር!

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ማስታወቂያ አንድ መንገድ ነው። ማስታወቂያ ግን ስለ ሰው ብዙ ማወቅ ይፈልጋል፤ ምስጢር ጠባቂ ደግሞ ባያውቅ ይመርጣል። ሁለቱን አንድ ቤት ማኖር ከባድ ነው።

ሌላው ተጠቃሚውን ማስከፈል ነው። ዋትስአፕ በዓመት 1 ዶላር ይጠይቅ ነበር፤ በ2014 ፌስቡክ ገዛው፣ በ2016 ክፍያው ቀረ። ያኔ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ብዙ ተጠቃሚ የባንክ ካርድ የለውም የሚል ነበር። ይህን እኛ አገር ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ሦስተኛው መዋጮ ነው። ሲግናል ፋውንዴሽን በ2018 የተነሣው ከዋትስአፕ መሥራቾች አንዱ ብራያን አክተን ባቀረበው 50 ሚሊዮን ዶላር ነው። መነሻነቱ ጥሩ ነው፤ በአንድ ባለጸጋ ትከሻ ላይ ግን ዘላለም አይኖርም።

እዚህ ላይ እድር ትዝ ይላችሁ ይሆናል። ብዙዎች ጥቂት ጥቂት ስለሚያዋጡ ይቆማል። ልዩነቱ ግን ይኸውላችሁ፤ እድር ያልከፈለውን ያስወጣል፤ የመልእክት መተግበሪያ ያልከፈለውን ካስወጣ የከፈለውም ይጎዳል። እኔ ከፍዬ ብገባ፣ እናቴ ካልገባች ለማን ልጻፍ? ስለዚህ የሚችለው ለማይችለውም መክፈል አለበት።

ለዚህ ነው ሲግናል በ2025 የጀመረውን መንገድ የምወደው። ማውራት ለሁሉም ነጻ ነው፤ ብዙ ፎቶና ቪዲዮ በመጠባበቂያ ላስቀምጥ የሚል ግን ለ100 ጊጋባይት በወር 1.99 ዶላር ይከፍላል። የተቀመጠውም የተመሰጠረ ነው፤ ቁልፉ ያለው በባለቤቱ እጅ ነው። የሚሸጠው ቦታ እንጂ ምስጢር አይደለም።

ሁለት ነገር ልለምናችሁ። ውጭ አገር ያላችሁ፣ ካርድ በእጃችሁ ያለ፣ ለምትጠቀሙበት ምስጢር ጠባቂ አገልግሎት በየወሩ ጥቂት አዋጡ፤ ለወላጆቻችሁም እየከፈላችሁ ነው። መምህራኖቻችን ደግሞ ተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ይዞ ሲቀርብ፣ "ይሠራል ወይ?" ካላችሁት በኋላ "በአምስተኛው ዓመት ወጪውን ማን ይከፍላል?" ብላችሁም ጠይቁልን። መልሱን ካላገኘ፣ አንድ ቀን የሚሸጠው የእኛን ጨዋታ ሊሆን ይችላል።