የመብራት ዕቅድ ከጓሮ ይጀምር

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም፤ ሽቦ ቀጥይ ብትሉኝ አልሞክረውም። ነገር ግን የብድር ማመልከቻዎቻችሁ በእጄ ስለሚያልፉ «ለመብራት ማስገቢያ» የሚለውን ዝርዝር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ለሳሎን ሁለት አምፖል፣ ለመኝታ ቤት አንድ፣ ለቴሌቪዥን ሶኬት፣ ለበረንዳ አንድ መብራት። ማድ ቤቱ የለም። በረቱ የለም። የዶሮ ቤቱም የለም። ከዚያ ምጣድ ይገዛል፤ ሲሰካ ብሬከሩ ይወርዳል ወይም ሶኬቱ ይቀልጣል፤ ያችው እናት ለሁለተኛ ብድር ትመጣለች።

ገጠር ግቢ ውስጥ ትልቁን ኃይል የሚበላው ሳሎኑ አይደለም፤ ከጀርባ ያለው ማድ ቤት ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። መስመራችን 220 ቮልት ስለሆነ፣ 3,500ን ለ220 ስናካፍል ወደ 16 አምፒር ይመጣል። ባለ 9 ዋት አምፖል ወደ 390 የሚሆን በአንድ ጊዜ እንደማብራት ማለት ነው። ይህን ከቴሌቪዥኑ ሶኬት በማከፋፈያ ስቦ ጓሮ ማድረስ እሳት መጥራት ነው። ምጣድ ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል።

ቀጥሎ ርቀት አለ። የእናቴን ግቢ በሜትር ለክቼዋለሁ፤ ቆጣሪው ከሚቆምበት ከመንገዱ ዳር እስከ ማድ ቤቱ 60 ሜትር ነው። ሥራውን ሊይዝ የመጣው ልጅ «ባለ 1.5 ሽቦ ይበቃል፣ ርካሽም ነው» አለን። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ምጣዱ ሲሰካ ወደ 20 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ የምጣዱ ኃይል በአምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ሽቦው ራሱ ወደ 300 ዋት የሚሆን ሙቀት ይሸከማል፤ እሱንም በቆጣሪ እንከፍልበታለን። ምጣዱ በደንብ አይግልም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ጥፋቱም በሊጡ ይሳበባል! በባለ 6 የመዳብ ሽቦ ግን በዚያው ርቀት የሚጠፋው 6 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ዋጋው ይወደዳል፤ እናቴ ግን እሱን መርጣ የበረንዳውን ጌጥ መብራት ተወችው። ባለ 1.5 ለአምፖል ይሁን።

ስለዚህ ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ግቢውን ወረቀት ላይ ሣሉ። እያንዳንዱን ቤት አስቀምጡ፤ ምን እንደሚሰካበት፣ ስንት ዋት እንደሆነና ከቆጣሪው ስንት ሜትር እንደሚርቅ ጻፉ። ዋቱ ከዕቃው ጀርባ ላይ ይገኛል። ከዚያ የትኞቹ አብረው እንደሚሠሩ ምልክት አድርጉ። ምጣዱና ባለ 2,000 ዋት ምድጃ አንድ ላይ 5,500 ዋት፣ ማለትም 25 አምፒር ናቸው። እንጀራ እየጋገራችሁ ወጥ ትጥዳላችሁ ወይ? ይህን የሚያውቀው ባለሙያው ሳይሆን እናንተ ናችሁ።

በረቱ አንድ አምፖል ብቻ ይበቃዋል፤ ነገር ግን ከሁሉም በላይ የምፈራው እሱን ነው። ወለሉ እርጥብ ነው፣ ጭድ አለ፣ ቀንድም አለ። ከብት ደግሞ ሰው በሚቋቋመው ትንሽ ኤሌክትሪክ ሊሞት ይችላል። ሽቦው በቱቦ ውስጥ ይለፍ፤ ማብሪያ ማጥፊያው ከበረቱ ውጭ፣ ከብት በማይደርስበት ይሁን። የመሬት ሽቦ ለበረትም ለምጣድም የግድ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በራሱ የሚቆርጥ፣ ባለሙያዎቹ አርሲዲ የሚሉት ብሬከር አለ፤ ባለ 30 ሚሊ አምፒሩን ጠይቁ። ከቤት ወደ በረት በአየር የሚዘረጋ ሽቦ ካለ ጭድ የተጫነ ጋሪ ከሥሩ የሚያልፍ መሆኑን አስቡ። በመሬት ውስጥ ከሆነ ለመሬት የተሠራ ኬብል ይሁን፤ ጉድጓዱ ከተቆፈረ አይቀር አንድ ባዶ ቱቦ አብራችሁ ቅበሩ፤ ነገ የውሃ ፓምፕ ቢመጣ ዳግም የቁፋሮ ዋጋ አትከፍሉም።

ወፍጮ ያሰባችሁ ካላችሁ ጉዳዩ ሌላ ነው። የወፍጮ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ፌዝ ይፈልጋል፤ ለመኖሪያ ቤት የሚገባው ግን ብዙውን ጊዜ ነጠላ ፌዝ ነው። ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት መብራት ኃይል ሄዳችሁ መስመሩ በአካባቢያችሁ መኖሩን ጠይቁ።

ወርኃዊ ክፍያውንም ከአሁኑ እንየው። ምጣዱ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ቢሠራ በወር ወደ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። የቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ዝቅተኛው ዋጋ የመጀመሪያው 50 ነው። ምጣዱ ብቻውን ያንን ያልፋል። ከጎረቤት ጋር ተዳብላችሁ በአንድ ጊዜ ብዙ መጋገር፣ ምጣዱ አንዴ ከጋለ በኋላ፣ ያዋጣል።

በመጨረሻ የሙያዬን ልጠይቃችሁ። ደረሰኝ ላይ «ሽቦ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ አትቀበሉ፤ ባለ ስንት እንደሆነና ስንት ሜትር እንደሆነ ይጻፍ። ሽቦው ሳይቀበር ወይም ቱቦ ውስጥ ሳይገባ ራሳችሁ ለኩት። የሣላችሁትን ወረቀት ከብድር ማመልከቻው ጋር አያይዛችሁ አምጡልኝ፤ አብረን እንደምረዋለን።