የመሪ ትልቁ ሥራ
በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን የተደረገ ንግግር



 የምናገረው «ክፍት ሶፍትዌር» ስለሚባለው፣ ይኸውም ማንም ሰው አንብቦ እንዲያሻሽለው ስለ ተፈቀደ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አመራር ነው።

በዚህ ሥራ ከሚተባበሩት ብዙዎቹ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። መሪው ደመወዛቸውን ሊቀጣ አይችልም። አመራሩ ያልተስማማው ሰው የፕሮግራሙን ግልባጭ ይዞ ለብቻው ሊሠራ ይችላል። ታዲያ እንዲህ ያለውን ማኅበር አጽንቶ የሚያቆመው ምንድን ነው?

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሆላንድ ተወላጅ የሆነው ጊዶ ቫን ሮሰም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ለሕዝብ አወጣ። ማሻሻያ የሚሻ ሰው ሐሳቡን በጽሑፍ ያቀርባል፤ ሌሎቹ ይከራከሩበታል፤ የመጨረሻውን ፍርድ ግን ጊዶ ይሰጥ ነበር። ስለዚህም ባልደረቦቹ በቀልድ «ቸሩ የዕድሜ ልክ አምባገነን» ይሉት ነበር። በ2018 ዓ.ም. በቋንቋው ውስጥ ሊገባ ስለ ታሰበ አንድ አዲስ ምልክት ብርቱ ክርክር ተነሣ። ጊዶ ሐሳቡን አጸደቀ፤ ነገር ግን ክርክሩ ስላደከመው በሐምሌ ወር ሥልጣኑን ለቀቀ። ወራሽም አልሾመም፤ እንዴት እንደሚተዳደሩ ራሳቸው እንዲወስኑ ለባልደረቦቹ ተወላቸው።

እነርሱም አልተበተኑም። ልዩ ልዩ ደንቦችን አርቅቀው ድምፅ ከሰጡ በኋላ አምስት አባላት ያሉት ሸንጎ አቋቋሙ። አንድ ኩባንያ ሸንጎውን እንዳይገዛው ከአምስቱ መካከል የአንድ ድርጅት ሠራተኞች ከሁለት እንዳይበልጡ ደንቡ ያዝዛል። በ2019 ዓ.ም. ከተመረጡት ከመጀመሪያዎቹ አምስት አንዱ ራሱ ጊዶ ነበረ፤ ድምፁ ግን እንደ ሌሎቹ አንድ ብቻ ሆነ።

እርግጥ ነው፣ ሥራ ሲጀመር አንድ ቈራጥ ሰው ያስፈልጋል። ነገር ግን ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደ ተባለ፣ ሥራው ካደገ በኋላ የሚያጸናው ሁሉም የሚያውቀው ደንብና በፈቃድ የተሰጠ ድምፅ ነው። መሪ የሚመዘነው በወንበሩ ላይ በቈየበት ዘመን ብቻ ሳይሆን ከተነሣ በኋላ በሚሆነውም ነው።

ውድ ጓደኞቼ፤ ዘንድሮ ትምህርታችንን የምንጨርስ ሁሉ የክበቦቻችንን መዝገብና ቁልፍ ለታናናሾቻችን እናስረክባለን። ቁልፉን ሰጥተን ዕውቀቱን በልባችን ይዘን ከሄድን ክበቡም ከእኛ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ አሠራሩን በጽሑፍ፣ ምርጫውንም በእጃቸው እንተውላቸው።