ወደ ነርስነት ትምህርት ስለ መግባት
(በትምህርት ቤቱ በዓል ቀን ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ከዚህ ጨርሰው አሜሪካ ወዳሉ ዘመዶቻቸው የሚሄዱ ልጆች ብዙ ጊዜ «ኮሌጅ ገባሁ፤ ነርስ ልሆን ነው» ብለው ወደ ቤታቸው ይልካሉ። ወላጅም ደስ ብሎት ለጎረቤት ይናገራል። ነገር ግን ሁለቱ ነገር አንድ አይደለም። የማኅበረሰብ ኮሌጅ በሩን ለብዙ ሰው የከፈተ ነው፤ የነርስነቱ ክፍል ግን ሌላ በር አለው፤ እርሱም ጠባብ ነው።

በዚያ ለማለፍ አስቀድሞ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂና እንግሊዝኛ በጥሩ ማርክ መማር ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ኮሌጆች የመግቢያ ፈተናም ይሰጣሉ። ስለዚህ ሚልድሬድ ሞንታግ እ.ኤ.አ. በ1951 ያቀረቡት የሁለት ዓመት ዕቅድ ዛሬ ከመሰናዶው ጋር ሦስት ዓመት ያህል፣ ሌሊት እየሠራ ለሚማርማ ከዚያ በላይ ይወስዳል። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችን ዘገየ ብላችሁ አትዘኑበት።

ከገቡ በኋላስ? እዚያም ሒሳብ ይጠብቃል። ሐኪሙ 500 ሚሊግራም ቢያዝ፣ እንክብሉም ባለ 250 ቢሆን፣ ስንት ይሰጣል? ቀላል ነው ትላላችሁ። ነገር ግን 0.5 በማለት ፈንታ ዜሮውን ትቶ .5 የጻፈ እንደ ሆነ፣ ነጥቧ ካልታየች 5 ተብሎ ይነበባል፤ በሽተኛውም ዐሥር እጥፍ ይወስዳል። የመድኃኒት ስሌቱን ፈተና ያላለፈ ተማሪ መድኃኒት እንዲሰጥ የማይፈቀድለት ስለዚህ ነው።

የአሥርዮሽ ሒሳብ የሚያስተምሯችሁ መምህር እነሆ ከፊታችሁ ተቀምጠዋል። ከበዓሉ በኋላ ሳያመልጧችሁ ጠይቋቸው።